ሦስተኛው ውሃ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የሥራ ታሪኬን ከወረቀት ላይ አነበበ። ዱራሜ፣ አንጋጫ፣ ከዚያ ሆሳዕና፤ የእጅ ሥራ መምህርት። ከዚያ በፊት ስለነበሩት አራት ዓመታት «በአየር ኃይል የሙከራ ጣቢያም አገልግለዋል» ብሎ አለፈ። ከኋላ የተቀመጡ ወጣት መምህራን ሳቁ። አንዷ «እትዬ አስቴር ጄት ያበሩ ነበር እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ጋቢ አለበሱኝ፣ ለስላሳ ጠጣን፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቤቴ ማንም አልጠበቀኝም፤ ድሮም የሚጠብቀኝ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ስለ ሳቁ አይደለም። በዚያው ሳምንት አንድ ጎረቤቴ የከተማችንን በዓል አስመልክቶ የታተመ መጽሔት አመጣልኝ። የድሮው አለቃዬ ሸዋንግዛው ስለ ጣቢያው ሁለት ገጽ ጽፎበታል። እንደ ጽሑፉ መሥራቹ እሱ ነው፤ ራእዩም የእሱ ነው። «ሙከራው የከሸፈው አንድ ያረጁ ወታደር ሠራተኞችን በአግባቡ ባለማሠልጠናቸው ነበር» ይላል። ስም አልጠራም። እኔ እጠራለሁ። ሻምበል ባሻ ወርቅነህ ይባሉ ነበር፤ እኔንም ያሠለጠኑኝ እሳቸው ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሳቸውን ስም ለመመለስ ነው። ከዚያ ውጪ ማለት የምፈልገውን እላለሁ፣ የማልፈልገውን አልልም። ሸዋንግዛውንም አንቱ እያልኩ አልጽፍም። ፊት ለፊት አራት ዓመት አንቱ ብዬዋለሁ፤ ይበቃዋል።

ጣቢያው የተከፈተው ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ካበቃ በኋላ ነው። ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የእህል መጋዘን ነበር። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው መደማመጥ አይቻልም። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ስፌት የተማርኩ ሴት ነኝ። አባቴ ሀዲያ እናቴ ከምባታ ስለሆኑ ሁለቱንም ቋንቋ አውቃለሁ፤ አማርኛውን የተማርኩት በትምህርት ቤት ነው። የተፈለግሁት ለዚህ ነበር። ቅጥሬ «ጊዜያዊ» ተብሎ ተጻፈ፤ አራቱንም ዓመት ጊዜያዊ ነበርኩ። ስለ ቅጥሩ ይህ ይበቃል።

በመጀመሪያው ቀን ሻለቃ አምሃ የሚባል የአየር ኃይል መሐንዲስ ሚዛን ይቀመጥበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ዘረጋ። ከላይ አንድ ተዋጊ አውሮፕላን ተስሏል።

«ይህ ገና የለንም» አለን። «ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ይህ ወይም የዚህ ወንድም ይኖረናል። አሁን ካሉን ይልቅ በፍጥነት ነው የሚያርፈው። ፍሬኑ እምቢ ካለው ሜዳው ያልቅበታል። ስለዚህ ሜዳው ጫፍ ላይ የሚይዘው መረብ ያስፈልጋል። ያለን መረብ አርጅቷል። የሸጠልን አገር ዛሬ አያናግረንም፤ አዲሶቹ ወዳጆቻችን ደግሞ ጠብቁ ይላሉ።»

«ታዲያ ሆሳዕና ምን አመጣዎት?» አልኩት።

ከግድግዳው ላይ የአህያ ጭነት የሚታሰርበትን፣ ከእንሰት ቃጫ የተገመደ ገመድ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ይኼ።»

ከአውሮፕላኑ ሥዕል ወደ ታች ቀስት ይወርዳል። ከሥሩ ጎማ፣ ከጎማው ሥር ሲያርፍ ከኋላው የሚዘረጋው ጃንጥላ፣ ከሁሉ በታች መረብ። መጀመሪያ መረቡን እንሠራለን፣ ቀጥሎ ጃንጥላውን፣ ቀጥሎ ጎማውን፣ እንዲህ እያልን ወደ ላይ እንወጣለን አለ። አውሮፕላኑን ራሱን የሚሠሩት የልጆቻችን ልጆች ናቸው። እኛ የገጹ ግርጌ ነበርን። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አመንኩት።

ሻምበል ባሻ ከጃንጥላ ክፍል የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ወታደሮች የሚዘሉበትን ጃንጥላ ሲያጥፉ ነው የኖሩት። በየጊዜው ካጠፏቸው አንዱን አለቃቸው ሳያስመርጥ አንሥቶ ይሰጣቸውና ራሳቸው ይዘሉበታል። «ጣቴ ጨዋ የሆነው ለዚህ ነው» ይሉ ነበር። ገመድ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በአመድ ይታጠባሉ፤ በጨርቅ አያደርቁትም፣ ራሱ እስኪደርቅ ቆመው ይጠብቃሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ገመዱን በጣቶቻቸው መካከል ያሳልፋሉ። ለምን እንደማያዩት ስጠይቃቸው «ዓይን ያባብላል» አሉኝ። ዓይናቸው ሞራ መያዝ የጀመረው ግን ኋላ ነው።

አንድም ቀን «ይህ ገመድ ጠንካራ ነው» ሲሉ አልሰማኋቸውም። የሚሉት «እስካሁን አልተበጠሰም» ነበር። የተበጠሰውን ጫፍ ሁሉ በፖስታ ከተው ከየት እንደመጣ፣ በስንተኛው ውሃ፣ በምን ያህል ብረት እንደተበጠሰ ይጽፉበታል። ያልተበጠሰውን ይጥሉታል።

ውሃ ያልኩት ይህ ነው። መረቡ ሜዳ ላይ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ይኖራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጭነት ናሙና ተገምዶ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ይደርቃል፣ ከጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ ይሰቀልና ብረት ይንጠለጠልበታል። አንደኛ ውሃ ይህ ነው። ከዚያ ያው ገመድ እንደገና፤ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። «በአንደኛው ሁሉም ጀግና ነው» ይሉ ነበር። «በሁለተኛው ጉራ የሚነፋ አለ። ሦስተኛውን ውሃ ሳታዪ ግን እጅሽን ወረቀቱ ላይ እንዳታሳርፊ።» ይህን የነገሩኝ አንድ ቀን አይደለም። በየጭነቱ ነው።

ምሳቸውን ለብቻቸው ቆመው ይበሉ ነበር። እኔም ከጊዜ በኋላ በሌላኛው በር በኩል ለብቻዬ መብላት ጀመርኩ። ሁለት ሰዎች በአንድ መጋዘን ውስጥ በሁለት በር። ከዚያ የተሻለ ጓደኛ ኖሮኝ አያውቅም።

ሻለቃው ቃጫው ሲፋቅ ማየት አለብኝ ብሎ ዳምቦያ ይዤው ሄድኩ። እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፤ ወንድ በዚያ ሰዓት አይቀርብም። ነግሬዋለሁ። «ለሥራ ነው እኮ» አለ። ቦታው ስንደርስ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው አንድ እግራቸውን ሳንቃው ላይ ሰቅለው በቀርከሃ ይፍቃሉ። ሲያዩት ሁሉም እግራቸውን አወረዱ። የጴጥሮስ እናት የሚሏቸው ትልቅየዋ ሴት መፋቂያቸውን እንደያዙ ተነሡ።

«ይህን ሰውዬ እናቱ አላሳደገችውም?» አሉኝ በከምባትኛ።

«ምን አሉ?» አለ ሻለቃው።

«ዞር ይበል አሉ።»

ዞረ። የሰማይ ሰው ነኝ የሚል ሻለቃ የእንሰቱን ተክል ፊት ለፊት እያየ፣ ጀርባውን ለሴቶቹ ሰጥቶ፣ ደብተሩን ዘርግቶ ቆመ። ሴቶቹ ተሳሳቁ። አንዷ «አውሮፕላን አይፈራም፣ የእኛን ባት ይፈራል» አለች። ይህን አልተረጎምኩለትም።

ቃጫው ለምን እንደሚፈለግ ራሱ ነገራቸው፤ እኔ አስተላለፍኩ። ሊወድቅ የሚሮጥ ከባድ ነገር ለማቆም ነው አለ። የጴጥሮስ እናት ትንሽ አሰቡ። «እንደዚያ ከሆነ ካረጀ እንሰት፣ ከታችኛው ንብርብር፣ በበጋ የተፋቀ ይሁን። ጠቆር ይላል፤ እሱን አትናቁ» አሉ። ሻለቃው ዞሮ እንደቆመ እያንዳንዱን ቃል ጻፈ። ያ የመጀመሪያ ጭነት ሦስቱንም ውሃ አለፈ። ከእሱ የተሠራው ትንሽ መረብ ለሙከራ የተነዳበትን መኪና ያዘው። ሹፌሩ ሁሴን የሆሳዕና ልጅ ነው፤ መኪናው መረቡ ውስጥ እንደቆመ በመስኮት ብቅ ብሎ «አስቱ፣ ዓሣ ሆንኩልሽ!» ብሎ ጮኸ። ባሻ እንኳን ሳቁ።

ሁሴን ጭነት ለማምጣት ስንወጣ ነው የሚያደርሰኝ። ከአዲሎ እስከ ሆሳዕና ያወራል። እሑድ የምውልበትን ቤት ያውቅ ነበር። ጸሎት ቤታችን በዚያን ጊዜ በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር በሰው ቤት ተሸሽገን ነበር የምንጸልየው። ሁሴን እዚያ አካባቢ ሲያወርደኝ «አክስትሽ ዛሬም አሟት ነው?» ይለኝ ነበር። አክስት እንደሌለኝ ያውቃል። ለማንም አልተናገረም። ስለ ሁሴን ይህን ብቻ እላለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ሻለቃው ስለ መጪዎቹ አውሮፕላኖች ሊማር ወደ ውጭ ተላከ። ወረቀቱን ጠቅልሎ ይዞት ሄደ። ጣቢያው ከመጀመሪያም አለቃችን በነበረው በሸዋንግዛው እጅ ሙሉ በሙሉ ወደቀ። ሸዋንግዛው ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሚሰካ ሰው ነው፤ አንደኛው ቀለም አልነበረውም። በውይይት ክበብ ላይ ስለ ራስ መቻል አንድ ሰዓት ያወራል። ቃጫ ግን እጁ ነክቶት አያውቅም። ለአብዮት በዓል ከአዲስ አበባ ልዑካን ጋብዞ ትልቁን መረብ ሊያሳይ ቃል ገባ። የሚበቃ ቃጫ አልነበረንም። በቀበሌዎችና በሴቶች ማኅበር በኩል ኮታ ጣለ፤ ሙዱላና አዲሎ ድረስ። ለምን እንደሚፈለግ እንዳይነገር አዘዘ። ወታደራዊ ምሥጢር ነው።

ሙዱላ ገበያ ላይ ከተዘረጋው ቃጫ መካከል ነጩን አንሥቶ በፀሐይ አየው። «እንዲህ ያለውን ነው የምንፈልገው በያቸው። ነጭ ነጩን።»

አልኳቸው። ቃል በቃል አስተላለፍኩ።

የአገራችን ሴት ለመንግሥት እንግዳ የጠቆረ ነገር አታቀርብም። ለምን እንደሆነ ቢያውቁ ኖሮ እንደ ጴጥሮስ እናት ያረጀውን ይሰጡ ነበር። አያውቁም። ስለዚህ ክብራቸውን ሰጡ። ገና ያልደረሰ እንሰት፣ ለልጆቻቸው ለከርሞ ያቆዩትን፣ እየቆረጡ ፋቁ፤ ለጋ እንሰት ቃጫው እንደ ጥጥ ነጭና ለስላሳ ነው። ሸዋንግዛው ሲፋቅ አላየም፤ ወንድ ነውና ሊያይም አይችልም። ያየው ንጣቱን ነው። «የሕዝባችን ንቃት!» እያለ እቅፍ አድርጎ ፎቶ ተነሣ።

እኔ ግን የእንሰት ጓሮ ልጅ ነኝ። መጀመሪያ ስነካው አወቅሁት።

ባሻ አልነበሩም። ዓይናቸውን ሊታዩ አዲስ አበባ ሄደው ነበር። ወቅቱ ነሐሴ ነው፤ ገመድ ቶሎ አይደርቅም። አንደኛውን ውሃ ያዘ። ሁለተኛውንም ያዘ፤ ግን ሲሰቀል ረዘመ። ሸዋንግዛው ቅጹን ይዞ መጣ። ቅጹ ላይ «ያልፋል» እና «አያልፍም» ብቻ ነው ያለው።

«ሦስተኛው ይቀራል» አልኩት።

«መቼ ያልቃል?»

«በዚህ ዝናብ አራት ቀን።»

«መረቡ ነገ መታሰር አለበት፣ ጓድ አስቴር።»

«ባሻ ሳይመጡ...»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለመሆኑ እሑድ እሑድ የት ነው የምትውዪው?»

ቅጹን ወደ እሱ ገፋሁት።

«የታመመች አክስት አለችሽ ይሉኛል። መታመሟ በዛ። አንድ ቀን መጥተን ብንጠይቃትስ? ለብቻዋ አይደለችም መቼም፣ ብዙ ሰው ነው የሚጠይቃት።»

በዚያ ቤት ሃያ የምንሆን ሰዎች ነበርን። እስክሪብቶውን ሰጠኝ፤ ቀለም ያለውን። «ያልፋል» የሚለው ላይ ፈረምኩ።

መረቡ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የግጦሽ ሜዳ ላይ በሁለት የብረት ምሰሶ መካከል ተወጠረ። ከኋላው ጅረት የበላው ገደል አለ። ሦስት ቀን ዘንቦበታል፤ በበዓሉ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። መረቡ እንደ አዲስ መጋረጃ ነጭ ነበር። ልዑካኑ ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። ሁሴን አሸዋ የተጫነ ሙሉ የጭነት መኪና ሊነዳበት ነው። ከመነሣቱ በፊት ጠራኝ።

«አስቱ፣ ይይዘኛል ወይስ ልጸልይ?»

«ጸልይ።»

«በእኔ ነው በአንቺ?»

ሳቅሁ። መሳቄን አስታውሳለሁ። እሱ ግን እንደመሳቅም እንደማሰብም አለና «ባሻ አይተውታል?» አለኝ።

«ያልፋል ብዬ ፈርሜያለሁ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና መስኮቱን ዘጋ።

በዝግታ ሲገባ ያዘው። ተጨበጨበ። ሸዋንግዛው በፍጥነት እንዲደገም አዘዘ። በሁለተኛው ምንም ትልቅ ድምፅ አልሰማሁም። ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው ነው። መኪናው በመረቡ ውስጥ አለፈና ገደሉ ውስጥ ገባ። ሁሴንን ያወጡት ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሆስፒታል ተቆረጠ።

ባሻ አንድ ዓይናቸው እንደታሸገ መጡ። ወደ ቢሮ አልገቡም። ሜዳው ላይ ሄደው የተበጠሰውን ጫፍ አነሡ፤ እጃቸውን ታጥበው፣ እስኪደርቅ ጠብቀው፣ ፊታቸውን አዙረው በጣታቸው አሳለፉት። ብዙ ቆዩ።

«ሦስተኛውን አላየሽም» አሉኝ።

«አላየሁም።»

ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ጫፉን ፖስታ ውስጥ ከተው የመጣበትን ቦታና የጭነቱን ተራ ጻፉበት፤ ለእኔ ሰጡኝ።

አጣሪዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ሸዋንግዛው አራተኛ ሆኖ ከጎናቸው ተቀመጠ። ከሳሽም ዳኛም ሆኖ። «ፊርማው የጓድ አስቴር ነው» አለ። ስለ እሑዱ ነገር አላነሣም፤ ዓይኑን ግን እኔ ላይ እንደተከለ ነው። አንደኛው መኮንን ሦስት ውሃ የሚባል ደንብ አለ ወይ ብሎ ባሻን ጠየቃቸው።

ባሻ ተነሥተው በወታደር ደንብ ቆሙ። «ያስተማርኳት ሁለት ነው፣ ጌታዬ። ሦስተኛው የግል ልማዴ ነበር። አልነገርኳትም። ጥፋቱ የአሠልጣኙ ነው።»

አፌ ተከፍቶ ነበር። እውነቱን ልናገር የከፈትኩት ይመስለኛል፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ባሻ አንድ በሆነችው ዓይናቸው አዩኝ። ዘጋሁት።

ባሻ ከሥራ ተሰናበቱ። ዕቃቸው አንድ የብረት ሳጥን ነበር። አውቶቡስ ተራ ድረስ አልሸኘኋቸውም፤ ሰው ያየኛል ብዬ። ሸዋንግዛው ወደ አውራጃ አደገ። ጣቢያው ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ሻለቃው ከውጭ ተመልሶ ሌላ ማዕረግ ደረበ ሲባል ሰማሁ። ደብዳቤ ጽፌለት ነበር፤ መልስ አልመጣም። ያ ወረቀት፣ ከላይ አውሮፕላን ከታች እኛ ያለንበት፣ የት እንደደረሰ የሚነግረኝ አላገኘሁም። የጴጥሮስ እናትን አንድ ጊዜ ገበያ አገኘኋቸው። «ለኮታው ሴቶችም ለገመድ ነው ብትሏቸው ምን ነበር?» አሉኝና ጥለውኝ ሄዱ።

እኔ መምህርት ሆንኩ። ጸሎት ቤታችን ኋላ ተከፈተ፤ የዚያ ቤት ሰዎች ሁሉ በሰላም ኖሩ፤ በምን ዋጋ እንደኖሩ አያውቁም። ከዱራሜ ወደ ሆሳዕና ስመላለስ አውቶቡሱ አዲሎ ይቆማል። ሁሴን እዚያ መንገድ ዳር ሱቅ እንደከፈተ ሰምቼ ነበር። ሁልጊዜ ከሱቁ ተቃራኒ ባለው መስኮት እቀመጥ ነበር። ይህን ያህል ዓመት በዚያ መንገድ ሳልፍ አንድም ጊዜ አልወረድኩም።

መጽሔቱን ባነበብኩ ማግስት ወረድኩ።

ጸጉሩ ነጥቷል። ምርኩዙ ከባንኮኒው ጋር ተደግፏል። ሳሙና ይደረድር ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፤ አልደነገጠም።

«ሁሴን» አልኩት፤ «ሦስተኛውን ውሃ አላየሁም ነበር። እያወቅሁ ነው የፈረምኩት። ባሻ ነግረውኛል፤ በየጭነቱ ነግረውኛል።»

ሳሙናውን አስቀመጠ። «አውቃለሁ።»

«ከየት?»

«ከባሻ። ሊሰናበቱኝ ሆስፒታል መጥተው ነበር። 'ራሷ መጥታ ትነግርሃለች፤ እስከዚያ እንዳትጠይቃት' አሉኝ።» ወንበር ገፋልኝ። «ቆየሽ፣ አስቱ።»

ተቀመጥኩ። አንድ ሴት መጥታ ክብሪት ገዝታ ሄደች።

«በየዘመን መለወጫው ይጽፉልኝ ነበር» አለ። «ስለ ዓይናቸው ይጽፋሉ፣ ስለ ዝናብ ይጽፋሉ። መጨረሻ ላይ 'አስቴር መጣች ወይ?' ይላሉ። አልመጣችም ብዬ እመልሳለሁ። ኋላ ጽሕፈቱ የሰው እጅ ሆነ፤ ሰው ነው የሚጽፍላቸው። አሁንም 'አስቴር መጣች ወይ?' ይላል። አልመጣችም ማለት ሰለቸኝ። 'መጥታለች፣ ሁሉንም ነግራኛለች' ብዬ ጻፍኩላቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላ አልጻፉም።»

ፖስታውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። የባሻ ጽሕፈት አሁንም ይነበባል፤ የቦታው ስም፣ የጭነቱ ተራ። «በስንተኛው ውሃ» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ያኔ ሲሰጡኝም ባዶ ነበር። እሳቸው ባዶ ትተው የሰጡኝ ሌላ ፖስታ የለም።

ሁሴን ከኪሱ እስክሪብቶ ሰጠኝ።

እዚያው ባንኮኒው ላይ ጻፍኩ፦ ሦስተኛውን አላየሁም። ያስተማሩኝ ሦስት ነበር። አስቴር።